ቀኑን ለሚያውቅ መንገደኛ፦ ከእንጭኒ እስከ ወሊሶ

እንጭኒ የአደአ በርጋ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ የወጣ መንገደኛ ሆለታ ሲደርስ የአምቦን አስፋልት ትቶ ወደ ቀኝ ይታጠፍና የሙገርን መንገድ ይዞ ወደ ሰሜን ያቀናል። አገሩ ደጋ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጋቢ ያስፈልጋል። ከፊት የሚመጡት ሲሚንቶ የጫኑ ከባድ መኪኖች ናቸው። የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ዋና ከተማዋ ላይ ከቆመው ሕንፃ ብዙው ከዚህ አካባቢ በተፈለጠ ድንጋይ የተሠራ ነው። ወረዳው ለአዲስ አበባ ሲሚንቶና ወተት ይልካል። ዘፈኑ፣ የእጅ ጥበቡና የመረዳዳት ልማዱ ግን በመኪና ተጭኖ አይሄድም፤ እሱን የፈለገ ሰው እዚያው ድረስ መምጣት አለበት።

መጥቶም በመጀመሪያው ቀን ብዙ ላያገኝ ይችላል። በእንጭኒ ትኬት ተቆርጦ የሚገባበት ቴአትር ቤት ወይም ሥዕል የሚሰቀልበት አዳራሽ ፍለጋ የሚዞር እንግዳ፣ ዋናውን መንገድ ጨርሶ ሻይ ቤት ቁጭ ይላል። ሱቆች አሉ፣ ባጃጆች አሉ፣ በቁቤና በግዕዝ ፊደል በእጅ የተጻፉ ታፔላዎች አሉ። ስህተቱ ከተማዋ ላይ አይደለም፤ ጥያቄው ላይ ነው። በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ጥበብ «የት ነው?» ተብሎ ከሚጠየቅ ይልቅ «መቼ ነው?» ቢባል መልሱ ቶሎ ይገኛል። የገበያ ቀን አለ፤ የነሐሴ ማብቂያ አለ፤ የመስቀል ሰሞን፣ የአጨዳና የውቂያ ወር፣ የጥር ሠርግ አለ። ሙዚቃውም የእጅ ሥራውም የጋራ ሥራውም በእነዚህ ቀናት ላይ ተቀምጧል።

የአዲስ አበባ ልማድ ከዚህ ይለያል። በፈረንጆች 1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳይ ውስጥ «ኢትዮፒክ» በሚል የጋራ ስም መታተም የጀመሩት የድሮ ሙዚቃ ሲዲዎች የከተማዋን ዘፈን ለዓለም ካሰሙ በኋላ፣ ለሙዚቃ ብሎ ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣ የውጭ ሰው በርክቷል። እንዲህ ያለው እንግዳ የምሽት ቤቶችን ስም ጽፎ ይይዛል፤ አድራሻውን ለታክሲ ነጂ ያሳያል፤ የትኛውም ዓርብ ማታ ቢሄድ የሚሰማው አያጣም። ያ መንገድ ለከተማ ሙዚቃ ይሠራል። ከከተማ የወጣ እንግዳ፣ የውጭ ሰውም ይሁን የአዲስ አበባ ልጅ፣ ያንኑ የአድራሻ ወረቀት ይዞ እንጭኒ ቢመጣ ግን አይጠቅመውም።

እንግዲህ መጀመሪያ የሚያዋጣው የገበያ ቀን ነው። በገበያ ቀን ጠዋት ከየቀበሌው የሚመጣው ሰው በእግር፣ በጋሪና በፈረስ ነው። ፈረስ በዚህ ደጋ መጓጓዣ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ የባለቤቱ ክብር ነው። የድሮ መኳንንት በፈረሳቸው ስም ሲጠሩ የኖሩት ከዚሁ ልማድ ነው፤ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ «አባ መላ»፣ ባልቻ ሳፎ «አባ ነፍሶ» ይባሉ ነበር። በገበያው ጥግ የፈረስ ዕቃ የሚሸጥበት ቦታ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ኮርቻው በእንጨት ተጠርቦ በቆዳ ይለበጣል፤ ከሥሩ የፈረሱን ጀርባ የሚጠብቅ መደላድል፣ ከላዩ ደግሞ ለክብር ቀን የሚደለደል ግላስ አለ። ልጓሙ የሚታሰርበት የቆዳ ጠፍር ላይ ቀይና ቢጫ የክር ዘርፍ ይንጠለጠላል፤ ነሐስ ያለበት ደግሞ ፈረሱ ራሱን በነቀነቀ ቁጥር ይንጫጫል። ገዢ ሲመጣ እርካቡን በእጁ ይመዝናል፣ ስፌቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ያያል፣ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ዋጋ የሚነጋገረው። ይህን ዕቃ የሚሠራ ሰው ራሱን ሠዓሊ ብሎ አይጠራም። የቀለሙ አመራረጥና የስፌቱ መስመር ግን የሠዓሊ ሥራ ነው።

ሌላው ጥበብ ከወተት ጋር የተያያዘ ነው። አደአ በርጋ የወተት አገር ነው፤ የጀርሲ ዝርያ ላሞች የሚረቡበትና የሚጠኑበት ጣቢያም አለው። በየቤቱ ግን ወተቱ የሚቀመጠው በቅል ወይም በጥብቅ በተሰፋ ዕቃ ነው፤ ዕቃውም ሁልጊዜ ይታጠናል። እናት የወይራ እንጨት ጫፉ እስኪግል ታነድዳለች፤ ነበልባሉን ታጠፋና የሚጤሰውን እንጨት በዕቃው አፍ ታስገባለች። ከዚያ ክዳኑን ከድና ትይዘዋለች። ጢሱ እንዳይወጣ መዳፏን በክዳኑ ዙሪያ ታዞራለች፤ ጥቂት ቆይታ ትከፍትና ከሰሉን አራግፋ በንጹሕ ጨርቅ ትወለውለዋለች። ዕቃው ውስጡ ጠቁሮ የወይራ ሽታ ይዟል። በዚያ ዕቃ የተቀመጠ እርጎ ቶሎ አይበላሽም፤ ጣዕሙም ሌላ ነው። ከውጭ ያለው ስፌት፣ የቆዳ ማንገቻውና ለጌጥ የሚጨመረው ዛጎል ሁሉ ይህን ሥራ ተከትሎ የመጣ ነው። ዕቃውን ለማስታወሻ ገዝቶ የሚሄድ እንግዳ ከነሽታው ይዞ ቢሄድ መልካም ነው፤ ታጥቦ የጠራ ቅል ግማሹን ታሪኩን አጥቷል።

ዘፈኑ ከገበያ ቀን ይልቅ የዘመን መለወጫን ይጠብቃል። ነሐሴ ሲያልቅ፣ ወንዞች ገና ሞልተው ሳለ፣ በሸዋ ኦሮሞ ዘንድ ሽኖዬ ይጀመራል። ልጃገረዶች በቡድን ሆነው እያጨበጨቡ ይዘፍናሉ፤ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። የወንዶቹ ጎቤ ይባላል። አማርኛ ተናጋሪ መንገደኛ ሲሰማው ወዲያው አበባየሆሽ ትዝ ይለዋል፤ ዝምድናውም በጊዜውና በመንፈሱ እውነት ነው፤ ክረምቱ አልቆ ሜዳው በአደይ ሲሞላ ከቤት ወጥቶ መዝፈን። ሽኖዬ ግን የራሱ ዜማ፣ የራሱ ቀልድና የራሱ የመተጫጨት ወግ አለው። ልጆቹ የሚያሞግሱትን ያሞግሳሉ፣ የሚነካውን በዘዴ ይነካሉ፤ ግጥሙ በየሰፈሩ አዲስ ይወጣለታል። ዘፈኑ ከመስቀል ሰሞን አልፎ እስከ እሬቻ ይዘልቃል። በከተሞች ተዳክሞ የነበረው ይህ ልማድ በቅርብ ዓመታት በወጣቶች ዘንድ እንደገና ተነሥቷል፤ የባህል ልብስ ለብሶ በአደባባይ መዝፈንም ተለምዷል። ያም ሆኖ ሽኖዬ ከመድረክ ይልቅ በአንድ ግቢ በር ላይ፣ ባለቤቱ ዳቦ ይዞ እስኪወጣ ድረስ ቢሰማ ይጥማል።

ከዚህ ጎን የገረርሳ ወግ አለ። ገረርሳ አንድ ሰው ብቻውን የሚያወጣው ነው፤ አድማጩ ዝም ብሎ ይሰማል፣ አልፎ አልፎ ያደፋፍራል። የጥንቱ ገረርሳ አውሬ የገደለ አዳኝና ጦር ሜዳ የዋለ ጀግና የሚፎክርበት ነበር። በኋላ ዘመን ግን ድህነት፣ ግፍ፣ እስርና ናፍቆትም ገብተውበታል። የአማርኛውን ፉከራና ቀረርቶ የሚያውቅ ጆሮ ቃሉን ባይረዳም ድምፁ ከየት እንደሚወጣ ይገባዋል። ጭፈራው ደግሞ ረገዳ ነው። ስሙ እንደሚለው እግር መሬቱን ይረግጣል፤ ዱላ በትከሻ ላይ ይዘረጋል፤ የሴቶቹ አንገትና ጸጉር ከከበሮው እኩል ይመታል። በጥር ሠርግ ላይ ሙሽራውን በፈረስ አጅበው የሚመጡ ወንዶች ከኮርቻ ወርደው ወደ ጭፈራው ሲገቡ ማየት፣ ስለዚህ አገር ሙዚቃ ብዙ ገጽ ከማንበብ ይበልጣል። አሁን አሁን ሠርጉ ላይ ኪቦርድና ትልልቅ ስፒከር ይገባል፤ አንዳንዱ ድምፁን ከልክ በላይ ከፍ ያደርገዋል። እኩለ ቀን ላይ መብራት ሲጠፋ ግን ጭፈራው አይቆምም፤ ያን ጊዜ ማዳመጥ ነው።

የአካባቢውን የጋራ ሥራ ለማወቅ የፈለገ መንገደኛ ከእድር ይጀምር። የእድር ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ድስት የተቀመጡበት ክፍል በየከተማው አለ። ድስቱና ትሪው ላይ የእድሩ ስም ወይም ምልክት በቀለም ተጽፏል፤ ዕቃው ከቤት ቤት ሲዞር እንዳይጠፋ ነው። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፤ ድንኳኑ በሰዓታት ውስጥ ይተከላል፤ ማን ምን እንደሚይዝ ማንም መጠየቅ አያስፈልገውም። በገጠሩ ደግሞ ደቦ አለ። አጨዳና ውቂያ ሲደርስ ጎረቤት ተጠራርቶ የአንዱን ማሳ ይጨርሳል፤ ነገ የሌላው ተራ ነው። ባለማሳው ጠላና ምሳ ያቀርባል፤ በውድማው ላይ በሬዎቹን እየነዱ የሚወጣው ዘፈን ደግሞ ሥራውን ያቀልለዋል። ስለዚህ ለውቂያ ዘፈን የሚመጣ ሰው ኅዳርና ታኅሣሥን ይምረጥ፤ ራሱም እጁን እንዲሰበስብ አይጠበቅበትም።

በአደአ በርጋ ለዓለም የተረፈ አንድ የጋራ ሥራ አለ፤ በእንጭኒ ከሚያልፉት መንገደኞች ብዙዎቹ አያውቁትም። የበርጋ ወንዝ ወደ አዋሽ ከመግባቱ በፊት በእንጭኒ አካባቢ ሰፊ ረግረግ ይሠራል። ክረምት ሲገባ ሜዳው በውኃ ይሸፈናል፤ ሣሩና ቄጤማው ይረዝማል። በዚያ ሣር ውስጥ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት፣ ከድንቢጥ እምብዛም የማትበልጥ አንዲት የረግረግ ወፍ ትደበቃለች። እምብዛም አትበርም፤ እንደ አይጥ ሣር ለሣር ትሮጣለች። በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ከቀሩት ወፎች አንዷ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ ዝርያዎች መዝገብ ገብታለች። ከኢትዮጵያ ውጭ በተለይ በደቡብ አፍሪካ ትታያለች፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2018 እዚያም መራባቷ እስኪረጋገጥ ድረስ ጎጆ ሠርታ እንደምትፈለፍል የታወቀው በኢትዮጵያ ደጋ ረግረጎች ብቻ ነበር። ከእነዚያ ዋነኛው በርጋ ነው።

ወፏ ጎጆ የምትሠራው በሐምሌና ነሐሴ ነው። ችግሩ ይህ ወቅት ለከብቶችም ሣር የሚፈለግበት መሆኑ ነው። በሬ ጎጆውን ይረግጣል፤ ማጭድ ሽፋኑን ያጭዳል። ወፏን ለማዳን ሜዳውን አጥሮ ገበሬውን ማስወጣት ይቻል ነበር፤ በብዙ አገር የተደረገውም እንዲያ ነው። በበርጋ የተመረጠው መንገድ ግን ሌላ ነው። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከነዋሪው ጋር ተነጋግሮ የአካባቢው ሰዎች ራሳቸው ጠባቂ ቡድን እንዲያቋቁሙ አገዘ። ወፏ በምትፈለፍልበት ጊዜ ግጦሹን ማዘግየት፣ ጎጆ ያለበትን ቦታ መጠበቅና ልጆችን ማስተማር የቡድኑ ሥራ ሆነ። ወፏን ከሚከታተሉት ከደቡብ አፍሪካ ወገኖች በተገኘ ገንዘብ ደግሞ ለሕዝቡ ትምህርት ቤት ተሠራለት። የሁለት አገር ሰዎች በአንዲት እፍኝ በማትሞላ ወፍ ምክንያት ተገናኝተው ልጆች ክፍል ገብተው ተማሩ። ከብት ላለው ሰው ሣሩን ጥቂት ሳምንታት ማዘግየት ቀላል አይደለም፤ የክረምት ወተቱ ነው የሚነካው። ስለዚህ በበርጋ የሚታየው ጥበቃ ምስጋና ይገባዋል፤ ሥራውም በየዓመቱ እንደገና የሚሠራ ነው፤ ሜዳው ሲጠብና ከብቱ ሲበዛ ደግሞ ይከብዳል። መንገደኛ በክረምት ወደ በርጋ ቢሄድ ከሜዳው ዳር ቆሞ ማየት አለበት፤ ወደ ውስጥ የገባ እግር ከበሬ እግር አይሻልም።

ከእንጭኒ ወደ ሆለታ ተመልሶ በአምቦ መንገድ የሚቀጥል ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ አዲስ ዓለም ይደርሳል። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1900 ግድም የአዲስ አበባ እንጨት ሲያልቅባቸው ዋና ከተማቸውን ወደዚህ ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ባሕር ዛፍ ቶሎ በቅሎ አዲስ አበባን ስላተረፋት፣ የተጀመረው ሕንፃ ወደ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተለወጠ። ቤተ ክርስቲያኑ ከኮረብታው ላይ ሰፊውን ሜዳ ይመለከታል፤ ዕቃ ቤቱ በየዘመኑ የተሰጡ ንዋያተ ቅድሳትና የነገሥታት ስጦታዎች የሚታዩበት ሙዚየም ሆኗል። ጫማን አውልቆ ወደ ውስጥ ገብቶ የግድግዳውን ሥዕል ቀና ብሎ ማየት ለዚህ ጉዞ ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ ነው። ወደ ምዕራብ ሲቀጠል ጊንጪ አለች። አዋሽ የሚነሣው ከዚሁ አካባቢ ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ጣሊያንን መውጋት የጀመሩት፣ «የበጋው መብረቅ» የተባሉት ጃገማ ኬሎም እ.ኤ.አ. በ1921 የተወለዱት ጊንጪ በምትገኝበት በደንዲ ነው።

አምቦ ከአዲስ አበባ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ስሟን ለመላ አገሪቱ ያስተዋወቀው ውኃው ነው፤ ከመሬት ከነጋዙ የሚወጣው ውኃ በጠርሙስ መታሸግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ ማንኛውንም ጋዝ ያለው የማዕድን ውኃ «አምቦ» ብሎ ማዘዝ የተለመደ ነው። በአንድ ዘመን ከተማዋ «ሀገረ ሕይወት» ተብላ ነበር። ፍልውኃው ለመታጠብና ለመዋኘት አሁንም ሰው ይጠራል፤ የሁሉቃ ወንዝም ከተማዋን እያቋረጠ ያልፋል። ሆኖም በጥበብ በኩል አምቦን ከብዙ ከተሞች የሚለያት ሁለት ልጆቿ ናቸው፤ በሃምሳ ዓመት የተለያዩ፣ በቋንቋም በመንገድም የተለያዩ።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም በአምቦ አቅራቢያ ቦዳ በተባለች ቦታ ተወለደ። አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ አማራ ነበሩ፤ ግዕዙን ከቤተ ክርስቲያን ተማረ። በአምቦ ትምህርት ቤት ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች የሚናገር ተውኔት ጻፈ፤ ተውኔቱም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ቀረበ። ልጁ የአሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ነበር። በኋላ ኦቴሎን፣ ማክቤዝንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ መለሰ፤ «እሳት ወይ አበባ» የተባለውን የግጥም መጽሐፍ አሳተመ፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ የኦዳ ዛፍን ማዕከል ያደረገ ተውኔት ጻፈ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መዝሙር ቃል የእሱ ነው፤ የአፍሪካ ኅብረትም ያንኑ መዝሙር ወረሰ። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ የመሪዎች ጉባኤ በተከፈተ ቁጥር የቦዳ ልጅ የጻፈው ቃል ይዘመራል። ጸጋዬ የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም ኒው ዮርክ ውስጥ አርፎ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። የአማርኛ ግጥም ስንኝን ባልተለመደ ርዝመትና ምት ያናገረው ይህ ሰው፣ ጆሮውን የከፈተው ገረርሳውና ቅኔው በአንድ መንደር በሚሰሙበት አገር ነው።

ሃጫሉ ሁንዴሳ እ.ኤ.አ. በ1986 አምቦ ተወለደ። በልጅነቱ ከብት እየጠበቀ ይዘፍን ነበር። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለ በፖለቲካ ምክንያት ታስሮ አምስት ዓመት በአምቦ ወህኒ ቤት ቆየ፤ የመጀመሪያውን አልበም ግጥሞችና ዜማዎች የሠራው እዚያ ነው። «ሰኚ ሞቲ» የተባለው አልበም እ.ኤ.አ. በ2009 ወጣ፤ «ዋኤ ኬኛ» በ2013 ተከተለ። በ2015 የወጣው «ማላን ጅራ» የተባለው ዘፈኑ በመላ ኦሮሚያ ተሰማ። በሙዚቃው ውስጥ የገረርሳ ድምፅ ይሰማል፤ አዲሱ የኪቦርድና የጊታር ቅንብር የድሮውን ተናጋሪ አላፈነውም። ይህ ማዋሃድ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ብዙ ዘፋኞች ሞክረውት ወይ ወደ አንዱ ወይ ወደ ሌላው ያዘነብላሉ። ሃጫሉ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም ማታ አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተገደለ፤ የተቀበረው በአምቦ ነው። ከሞቱ በኋላ ብዙ ሰው ሕይወቱን አጥቷል፤ ስለዚህ ስሙ በከተማዋ ሲነሣ ሐዘኑ አብሮ ይነሣል። እንግዳ ሰው ስለ እሱ ሲጠይቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለመስማት ተዘጋጅቶ ይጠይቅ።

የአምቦ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ በሃጫሉ ስም ተጠርቷል፤ በጉደር ያለው ግቢ ደግሞ የማሞ መዘምርን ስም ይዟል። የዩኒቨርሲቲው ሥር የእርሻ ትምህርት ቤት ነው፤ ዛሬ ከብዙ አካባቢ የመጡ ተማሪዎች ከተማዋን ሞልተዋታል፤ በምሽት በየካፌው የሚሰማው ሙዚቃም በዚያው ልክ የተደባለቀ ነው። ጉደር ከአምቦ በ12 ኪሎ ሜትር ትገኛለች፤ በወንዟ ፏፏቴና ስሟን በያዘው ቀይ የወይን ጠጅ ትታወቃለች። ለግማሽ ቀን ጥሩ ናት።

ከአምቦ ወደ ደቡብ የሚወጣው መንገድ ወደ ወንጪ ይወስዳል። ወንጪ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ዙሪያው ከባሕር ጠለል በላይ 3,300 ሜትርን ያልፋል። በደሴቱ ላይ ወንጪ ቂርቆስ አለ። እዚህ የጋራ ሥራው ዓይን ላይ ይወድቃል። የአካባቢው ነዋሪዎች በጀርመን የልማት ድርጅት ድጋፍ የቱሪዝም ማኅበር አቋቁመው፣ እንግዳውን በፈረስ የማውረድ፣ በጀልባ የማሻገርና የመምራት ሥራን በተራ ይከፋፈሉ ጀመር። ተራው ቁም ነገር ነው፤ አንዱ ፈረስ ከእንግዳው ሁሉ ጋር እየሮጠ ሌላው ባዶውን እንዳይውል ያደርጋል። ይህም ያው ደቦ ነው፤ ማሳው መንገደኛ ሆነ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ መረጣት። ከዚያ ወዲህ በ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት ትልልቅ ማረፊያዎችና መንገዶች ተሠርተዋል። አዲሱ ግንባታ ብዙ እንግዳ ያመጣል። ለገበሬው የሚበጀው ግን የፈረሱ ተራ በአዲሱ አሠራር ውስጥም ቦታ ሲያገኝ ነው፤ መንገደኛውም መኪናውን ከላይ አቁሞ ቁልቁለቱን በፈረስ ቢወርድ ክፍያው በቀጥታ ለባለፈረሱ ይደርሳል። ማርና ቆጮ የሚቀርብለት ሰው «ገለቶማ» ብሎ ማመስገንን አይርሳ።

ከወንጪ ወርዶ ወሊሶ ሲገባ መንገዱ የጅማን አስፋልት ያገኛል፤ አዲስ አበባ ለመመለስም በዚሁ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጊዮን ትባል የነበረችው ይህች ከተማ ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ባለውለታ ናት። ዘፋኙ ጥላሁን ገሠሠ መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም አዲስ አበባ ቢወለድም፣ በልጅነቱ ወደ አያቱ ወሊሶ ተልኮ በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ተምሯል። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሱዳናዊ ነበሩ፤ ዘፈን ማፍቀሩን አይተው አበረታቱት። አንድ ቀን የሀገር ፍቅር ቴአትር ቡድን በጉዞው ወሊሶ ደርሶ ትርኢት አሳየ። ልጁ ከቡድኑ ጋር ወደመጡት ኢዮኤል ዮሐንስ ቀርቦ ዘፋኝ መሆን እንደሚፈልግ ነገራቸው፤ እሳቸውም አዲስ አበባ መሄድ እንዳለበት መለሱለት።

ጥላሁን ትምህርቱን ጥሎ በእግሩ ተነሣ። አያቱ ሰምተው ቱሉ ቦሎ ወዳሉት ዘመድ ላኩ፤ እዚያ ተይዞ አንድ ሌሊት አድሮ ወደ ወሊሶ ተመለሰ። በአያቱ ቤትም ያደረው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። በማግስቱ ዕቃ በጫነ የጭነት መኪና ላይ ተደብቆ አዲስ አበባ ገባ፤ ሀገር ፍቅርም ተቀበለው።